ንድፍና ቅብ፤ ስለ ሠዓሊ የመጀመሪያ ሥራዎች፣ ስለ ተጽዕኖና ስለ ማሳያ አዳራሾች

የአንድን ደራሲ ሥራ ለመመርመር የተነሣ ሰው ከታተመው መጽሐፍ ጋራ ረቂቁን ቢያገኝ እጅግ ደስ ይለዋል። በረቂቁ ላይ የተሰረዘው ቃል፣ በኅዳጉ የተጨመረው ሐረግ፣ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ጊዜ የተፋቀው ስም የደራሲውን የሐሳብ አካሄድ ያሳያሉና። የሠዓሊም ረቂቁ ንድፉ ነው። ሠዓሊው ገና በተማሪነቱ በእርሳስ ወይም በከሰል በወረቀት ላይ ያሰመረው መስመር ምን እንዳየ፣ ማንን እንደ ተከተለ፣ ከምንስ እንደ ሸሸ ይመሰክራል። ሸራው ቀለም ከጠጣና በክፈፍ ከታሰረ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ምስክርነት ከቅቡ በታች ተሸፍኖ ይቀራል።

በአገራችን የሥዕል ትርኢት ሲከፈት ለተመልካች የሚቀርበው ከሞላ ጎደል ያለቀው ቅብ ብቻ ነው። ንድፉ በሠዓሊው ቤት በሣጥን ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል፤ ካልሆነም ቤት በተለወጠ ቁጥር ከማይረባው ወረቀት ጋራ ይጣላል። ከዚህም የተነሣ ስለ ሠዓሊዎቻችን ስንጽፍም ሆነ ስንነጋገር፣ «ይህ ከባሕር ማዶ የተቀዳ ነው»፣ «ይህ ደግሞ የራሳችን ነው» እያልን ያለ ማስረጃ እንፈርዳለን። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳው የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። የሠዓሊ የመጀመሪያ ንድፎች ካልተጠበቁና በአደባባይ ካልተሰቀሉ በቀር ስለ ተጽዕኖ የምንሰጠው ፍርድ ከግምት አያልፍም፤ ወጣቱም ሠዓሊ ከቀደሙት ሥራ የሚማረው እኩሌታውን ብቻ ይሆናል።

ለነገሩ መነሻ የመቀሌን ከተማ መርጠናል። መቀሌ ከአገሪቱ ጥንታውያን ሥዕሎች ብዙዎቹ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚገኙባት፣ የተማሪዎችም ቁጥር የበዛባት ከተማ ናት። እንደ አዲስ አበባ ያለ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ልማድ ግን ገና አልጸናባትም። ስለዚህ ጥያቄው በእርስዋ ላይ ጎልቶ ይታያል።

፩

በመቀሌ ተወልዶ መሣል የሚጀምር ልጅ ከትምህርት ቤት ደብተሩ አስቀድሞ ዓይኑን የሚያሠለጥኑ ብዙ ነገሮች ይጠብቁታል። የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥት የድንጋይ ካብና የእንጨት ሥራ እንዴት እንደሚስማሙ ያሳየዋል። የሰኞ ገበያ የሰውን አቋቋም፣ ሸክም የለመደን ትከሻና የጎበጠን ወገብ ያሳየዋል። ከከተማይቱ በስተሰሜን ወጣ ሲል ደግሞ ውቅሮ ጨርቆስና አብርሃ ወአጽብሐ፣ ከዚያም አልፎ በገርዓልታ ተራሮች ላይ ማርያም ቆርቆርና አቡነ ይምአታ ጉህ ይገኛሉ። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ለምእመናን የጸሎት ቤቶች ናቸው፤ ለሠዓሊ ከዚህ በላይ ትምህርት ቤቶችም ይሆኑለታል።

በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ሲገመት ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ ይወድቃል። ሥዕል ካለባቸው የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ በዓለም ላይ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት መካከል ይቈጠራሉ። በነዚህ ብራናዎች ላይ የወንጌላውያኑን መልክ ስንመለከት ሥልጣኑ የመስመር መሆኑን እንረዳለን። የልብሱ እጥፋት፣ የቅንድቡ ቅስት፣ የዓይኑ ዙሪያ በመስመር ተወስኗል፤ ቀለሙም በዚያ አጥር ውስጥ ይኖራል።

በአቡነ ይምአታ ጉህ ሠዓሊው ብራና አልነበረውም፤ የነበረው ከቋጥኝ የተፈለፈለ ጣሪያ ነው። ሐዋርያቱንና ከተስዓቱ ቅዱሳን ወገን የሆኑትን አባቶች በጉልላቱ ሆድ ዙሪያውን አሰልፎ ሲያስቀምጥ የድንጋዩን ጉብጠት እንደ ጠላት አላየውም። ሰውነታቸውን ከክቡ ጋራ አስማምቶ አቀናው፤ ከሥር ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ጉባኤው በራሱ ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ይህ ሊቅነት በቀለም ብልጭታ የመጣ አይደለም። ሠዓሊው ብሩሹን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት የት ላይ ምን እንደሚቆም አስቦ ነድፎታል።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የአሠራር ሥርዓትም ይህንኑ ያረጋግጣል። በመጀመሪያ በከሰል ወይም በቀጭን ቀለም መልኩን ይነድፋል፤ ቀጥሎ በመስመሩ መካከል ያለውን ስፍራ በቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻም መስመሩን በጥቁር ደግሞ ያጸናዋል። ጻድቅን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእን በአንድ ዓይኑ የማሳየት ልማዱም ራሱ የንድፍ ሕግ ነው። ስለዚህ የአገራችን ሥዕል ከጥንት ጀምሮ የመስመር ሥዕል ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ሆኖም ግድግዳው እንደ መምህርነቱ ጉድለትም አለበት። ደቀ መዝሙሩ የሚያየው ያለቀውን ብቻ ነው። መምህሩ መጀመሪያ የነደፈውና በኋላ ያረመው መስመር በቀለሙ ሥር ተቀብሯል። በመቅዳት የሚማር ልጅ እጁን ያፍታታል፤ መልክአ ሥርዓቱንም ያጠናል፤ ነገር ግን ሕያው ሰው በፊቱ ቆሞ ሲያይ ከየት መጀመር እንደሚገባው ግድግዳው አይነግረውም። ይህን የሚነግረው የሌላ ሠዓሊ ያላለቀ ወረቀት ነው።

፪

እዚህ ላይ ስለ ተጽዕኖ የሚነገረውን ክርክር ማንሣት ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ «ተጽዕኖ አለበት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ እንደ ነቀፋ ይነገራል። ታሪካችን ግን ከዚህ የሰፋ ነገር ያስተምረናል።

ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሰው በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለብዙ ዘመን ሲሥል ኖሯል። ይህ ሠዓሊ ሕፃኑን ኢየሱስን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉ፣ ግራ ከቀኝ ያነሰ ክብር ያለው ነውና፣ ሕዝቡ እጅግ እንደ ተቈጣ ተጽፎ ይገኛል። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ደግሞ በሮም በሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል በቅጅ ወደ አገራችን ገብታ በብዙ አድባራት ተሥላለች። በዚያችም ሥዕል ሕፃኑ ያለው በግራ ክንድ ላይ ነው። ዛሬ ይህ አሣሣል የባዕድ ነው ብሎ የሚያጉረመርም ምእመን አይገኝም፤ እንዲያውም የኢትዮጵያ ሥዕለ ማርያም ሲባል በብዙዎቻችን ልብ የሚመጣው መልክ ይኸው ነው። አንዱ ዘመን በቍጣ የተቀበለውን ሌላው ዘመን አባቶቻችን ያቈዩልን ብሎ ተሳለመው።

የመቀሌ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት በ1870ዎቹ ዓመታት በሠሩት ጊዜ የእንጨቱን ሥራ የመራው ጂያኮሞ ናሬቲ የተባለ ኢጣልያዊ አናጢ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱንም ዙፋን የሠራ እርሱ ነው። ድንጋዩ ግን የአገሩ ድንጋይ ነው፤ ሕንፃውም የቆመው ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ክብር ነው። ከዚህ የተነሣ ቤተ መንግሥቱን የኢጣልያ ሥራ ነው ብሎ የሚጠራው የለም።

እንግዲያስ ስለ አንድ ሥራ ፍርድ ስንሰጥ ነገሩ ከየት መጣ ብለን ብቻ ብናቆም ብዙ ነገር ያመልጠናል። የመጣውን ነገር የሠዓሊው እጅ ምን አደረገው? ምኑን ተቀበለ፣ ምኑንስ ጣለ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ መነሻውንና መድረሻውን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ማየት ይገባል። መነሻውም ንድፉ ነው።

፫

የዘመናዊ ሥዕል ትምህርት በአገራችን መልክ የያዘው ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲያቋቁሙ ነው። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከሰሜን ያለው ወጣት ሥዕል ለመማር ሲያስብ ለብዙ ዘመን ዓይኑን ይጥል የነበረው ወደዚያው ነው። በዓድዋ የተወለዱት ሠዓሊት ደስታ ሐጎስ ከዚህ ትምህርት ቤት በመመረቅ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነዋል፤ በኋላም በአሜሪካ በካሊፎርንያ ተምረዋል። የትግራይ ልጅ ጥበቡን ለማግኘት ከግድግዳው ሥዕል አገር ወጥቶ ወደ መሐል አገር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ መሻገር ያስፈልገው እንደ ነበር የእሳቸው መንገድ ያሳየናል።

በዚያ ትምህርት ቤት ካስተማሩት መካከል በተጽዕኖ ክርክር ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። በሐረር እ.ኤ.አ. በ1932 ተወለዱ፤ አባታቸው አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ልጁ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምረው ሲመለሱ፣ በትርኢቶቻቸው የሰውን መልክ ያልያዙ ረቂቅ ሥዕሎችን አቀረቡ። ከተመልካቹ ብዙው «ይህ የእኛ አይደለም» አለ። እርሳቸው ግን በሥራቸው ጸንተው እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሽልማት ድርጅት ሽልማት አገኙ።

«ጎልጎታ» የተባለውን ሥራቸውን እንመልከት። ስቅለቱ በአድባራቱ ግድግዳ ላይ እንደምናየው በመስቀሉ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዎች የሉበትም፤ ሥቃዩን የተሸከመው የደም መልክ ያለው ቀይ ቀለምና የተሰበረው የአካል ቅርጽ ነው። ይህን ሥዕል ከጀርመን ሠዓሊዎች የስሜት አገላለጽ ጋራ ማዛመድ ቀላል ነው። የቁም ጸሐፊ ልጅ መሆናቸውስ? ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀይና ጥቁር ቀለም በብራና ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ሲጻፍ ገጹ እንዴት እንደሚደምቅ እያዩ ያደጉ ሰው ቀይን ሲመርጡ ከአባታቸው ብርዕ ምንም አልወሰዱም ይባላልን? እኛ ወስደዋል ወደሚለው እናዘነብላለን። ይሁን እንጂ ይህን ከሸራው ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። በሐረር በልጅነታቸውና በኮሎኝ በተማሪነታቸው የነደፏቸው ወረቀቶች ከ«ጎልጎታ» አጠገብ ተሰቅለው ቢታዩ ክርክሩ በግምት ሳይሆን በዓይን ይመረመር ነበር። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት በአሜሪካ አረፉ። በስማቸው የተሰየመው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ተከፍቶ፣ ከጀርመን የተመለሱት ሥራዎቻቸው እዚያ መቀመጣቸው ትልቅ ነገር ነው።

፬

ከገብረ ክርስቶስ ተማሪዎች አንዱ ሠዓሊና መምህር ታደሰ መስፍን ናቸው። ከመቀሌ በማይጨው፣ በኮረም፣ በአላማጣና በቆቦ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ወልድያ ያደርሳል፤ ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1953 የተወለዱት በዚያች ከተማ ነው። በአዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ በሶቪየት ኅብረት ዘመን በሌኒንግራድ በሬፒን የሥነ ጥበብ ተቋም ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ተመልሰውም በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ይዛ በቀረበችበት በቬኒስ ቢየናሌ አገሩን ወክሏል። ብራንካሌዎን ከቬኒስ ወደ እኛ ከመጣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የእኛ ሠዓሊ ሥራውን ይዞ ወደ ቬኒስ ሄደ ማለት ነው።

የታደሰ መስፍን ስም በይበልጥ የታወቀው «የሕይወት ዓምዶች» በሚል ርእስ በተከታታይ በሠሯቸው ሥዕሎች ነው። ባለታሪኮቹ የጉሊት ሴቶች ናቸው። ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን በመደብ በመደብ አድርገው በመሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ፣ በየከተማችን ጥግ የምናያቸው፣ ዋጋ ተከራክረን የምናልፋቸው እናቶች ናቸው። ሠዓሊው እነዚህን ሴቶች ከመሬት አንሥተው እንደ ዓምድ ረጅም አድርገው ያቆሟቸዋል። ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ ያቀናሉ፤ ነጠላቸውና ሻሻቸው በሰፊ የቀለም ገጽ ይከፋፈላል። ከበስተኋላቸው ያሉት ሌሎች ነጋዴዎችና የተደረደረው ሸቀጥ በርቀት ሕግ እያነሱ ወደ ውስጥ አይሸሹም፤ ከላይ እስከ ታች በሸራው ፊት ላይ ተደርድረው ይታያሉ።

በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ሦስት መምህራን ሲነጋገሩ ይታየናል። የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ፊት ለፊት የሚያየው ዓይን፣ ጥልቀት የሌለው ስፍራ፣ ትልቁን ሰው በትልቅነት የማክበር ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። በገርዓልታ ጉልላት ሥር የቆመ ሰው የጉሊቷን ሴት በታደሰ ሸራ ላይ ሲያይ ወገኗን ያውቃታል። ሁለተኛው የገብረ ክርስቶስ ትምህርት ነው፤ ቀለም ልብስን ለመምሰል ብቻ ሳይሆን በራሱ እንዲቆም መፍቀድን ከርሳቸው ያገኙት ይመስለናል። ሦስተኛው ሌኒንግራድ ነው። የሬፒን ተቋም ሕያው ሰው አቁሞ አጥንቱንና ጡንቻውን እያጠኑ መንደፍን ከሁሉ የሚያስቀድም ትምህርት ቤት ነው። የታደሰ ሴቶች ምንም ያህል ቢረዝሙ ክብደታቸው በእግራቸው ላይ ያርፋል፤ ትከሻቸው ከአንገታቸው በትክክል ይወርዳል። አካሉን ያላጠና ሰው እንዲህ አድርጎ ሊያስረዝመው አይችልም።

ምስጋናውን ከተናገርን ነቀፋውንም መደበቅ አይገባንም። ዓምድ ያልተነቃነቀ ነገር ነው፤ አንዱም ዓምድ ሌላውን ይመስላል። በተከታታዮቹ ሥዕሎች የሴቶቹ ክብር እጅግ እኩል ከመሆኑ የተነሣ አንዲቱን ከሌላይቱ ለመለየት የምንቸገርበት ጊዜ አለ። የጉሊት ሴት ፀሐዩ ሲበረታባት ጥላ ፍለጋ ቦታ ትለውጣለች፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ታለብሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ቲማቲሙ እንዳይበሰብስባት ዋጋ ትቀንሳለች፤ የደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዕቃዋን ጠቅልላ ትሮጣለች። ይህ ሩጫና ጭንቀት በሸራው ላይ በዝምታ ተተክቷል። ሠዓሊው ክብሯን ለማሳየት ድካሟን ሠውተዋል ለማለት እንደፍራለን።

ነገር ግን ይህ ምርጫ ነው ወይስ ጉድለት? ሠዓሊው በገበያ ዳር ሆነው የጎነበሰችውንና የሮጠችውን ሴት በመቶ ወረቀት ነድፈው፣ ከዚያ በኋላ አስበው አቁመዋት ከሆነ፣ ዝምታው ከብዙ ጫጫታ የተጣራ ነውና ነቀፋችን ይቀልላል። ከመጀመሪያውኑ ዓምድ ሆና ታይታቸው ከሆነ ደግሞ ነቀፋችን ይጸናል። ይህን ሊፈርድ የሚችለው ሠዓሊው በወጣትነታቸው የነደፉት ወረቀት ነው፤ እርሱ ከቅቡ ጎን በማይሰቀልበት ትርኢት ግን ተመልካቹ አድንቆ ወይም ነቅፎ ይወጣል እንጂ ተምሮ አይወጣም።

፭

አሁን ወደ ማሳያ አዳራሾች እንመለስ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያ ትርኢታቸውን ባቀረቡ ጊዜ ስፍራው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነበር። ያን ጊዜ ለሥዕል የተለየ ቤት አልነበረምና። ከዚያ በኋላ የውጭ አገሮች የባህል ተቋሞች፣ ቀጥሎም የግል ጋለሪዎች እየተከፈቱ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው አስኒ ጋለሪና እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ከታወቁት መካከል ናቸው። የኋለኛው የታደሰ መስፍንን ሥራ ጨምሮ የኢትዮጵያን ሠዓሊዎች በባሕር ማዶ ትርኢቶች አቅርቧል። በዚህም ሠዓሊው በሥራው እንጀራ የሚበላበት መንገድ ተጠርጓልና ሊመሰገኑ ይገባል።

ይሁን እንጂ ጋለሪ የሚኖረው በሽያጭ ነው። የሚሸጠውም ትልቁና ያለቀው ሸራ ስለሆነ ንድፉ ከግድግዳው ላይ ቦታ አያገኝም። በክልል ከተሞች ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የወጣት ሠዓሊ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው በሆቴል መተላለፊያና በካፌ ግድግዳ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ ሥዕል ጌጥ ነው፤ የሠዓሊውን ስም የሚጠይቅ፣ ዓመተ ምሕረቱን የሚያነብ ጥቂት ነው። በመቀሌም ብዙ ተሰጥዎ ያለው ልጅ የገዳሙን ሥዕል ቅጅና የአክሱምን ሐውልት ለቱሪስት መሥራት የሚያዘነብለው ገበያው የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው። ልጁን ልንወቅሰው አንችልም፤ ግን የሰኞ ገበያዋ ሴት፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች በደብተሩ ውስጥ ተነድፈው ይቀራሉ።

ደብተሩም ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በቆየው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ከቤቱ በድንገት የወጣ ሰው ልጁንና ስንቁን ይይዛል እንጂ የንድፍ ወረቀት አይሸከምም። ሸራ ከግድግዳ ወርዶ ሊደበቅ፣ ገዥው ጋ ሄዶ ሊተርፍ ይችላል፤ ወረቀት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል። በዚያ ዘመን አሥራ አምስት ዓመት የነበረው ልጅ ያየውን ነድፎ ከሆነ፣ ያ ወረቀት የሥዕል ብቻ ሳይሆን የታሪክም ሰነድ ነው። ዛሬ ካልተሰበሰበ ነገ የሚሰበሰብ አይደለም።

ይህን ለማድረግ ታላቅ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። የሥዕል መምህር ከእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ጥቂት ወረቀት መርጦ፣ በጀርባው ስምና ቀን አስጽፎ፣ በካርቶን መያዣ ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጎ ቢያስቀምጥ ሥራው ተጀመረ። በከሰል የተነደፈ እንዳይጠፋ በየመካከሉ ስስ ወረቀት ይደረግበታል፤ ከፀሐይና ከእርጥበት መራቅም አለበት። ትርኢት የሚያዘጋጅ ቢሮም ሆነ ሆቴል ከግድግዳዎቹ አንዱን ለንድፍ ቢለይ፣ ከእያንዳንዱም ሸራ ጎን ሸራው የተወለደበትን ወረቀት ቢሰቅል ወጪው የክፈፍ ዋጋ ብቻ ነው። የጋለሪም ባለቤት የሚጎዳበት የለም። ሸራ ለመግዛት ደመወዙ የማይፈቅድለት አስተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ አንዲት የእርሳስ ንድፍ ሊገዛ ይችላልና፣ ሥዕል የሚገዛው ሰው ቁጥር ከጥቂት ባለጠጎችና ከውጭ አገር እንግዶች አልፎ ይሰፋል።

አንዳንድ ሠዓሊ «ያላለቀ ሥራዬን ለሰው ማሳየት ራቁቴን እንደ መቆም ነው» ብሎ ይቃወመን ይሆናል። የቃሉን ክብደት እንረዳለን። ሁሉም ወረቀት ይሰቀል አላልንም፤ መምረጥ የባለቤቱ መብት ነው። ነገር ግን ተማሪው የመምህሩን ስሕተትና እርማት ባየ ጊዜ ለመምህሩ ያለው አክብሮት ሲቀንስ አልታየም። ይልቁንም ያ ትልቅ ሰው አንድን እጅ በትክክል ለመንደፍ አሥር ጊዜ መሞከሩን ሲያይ፣ በአምስተኛው ሙከራ ተስፋ ቈርጦ የነበረው ልጅ እርሳሱን እንደ ገና ያነሣል።

እንግዲህ በመቀሌ የሚከፈተው የሚቀጥለው የሥዕል ትርኢት፣ በትምህርት ቤት አዳራሽም ይሁን በሆቴል፣ ቢያንስ አንድ ግድግዳ ለንድፍ ትቶ እንድናየው እንመኛለን። ባለሥልጣኑ ሲመርቅ፣ መምህሩ ተማሪዎቹን አስከትሎ ሲጎበኝ፣ ከደማቁ ሸራ ፊት ትንሽ ቆመው ወደዚያች የደበዘዘች ወረቀት ጠጋ ይበሉ። ሠዓሊው ከየት እንደ ተነሣና ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደ የተጻፈው በእርስዋ ላይ ነው።